ምዕራፍ 6፦ ዝም ብሎ የሚሳሳት ኩዌሪ

«እስከ ዛሬ ምንም ያልገዙን ደንበኞች እነማን ናቸው?» ብሎ የሽያጭ ክፍሉ ይጠይቃል። ዳታቤዙን የያዘው ሰው ሁለት ሰንጠረዦች አሉት፤ አንዱ የደንበኞች፣ ሌላው የሽያጮች። ኩዌሪው አይከብድም፤ መለያ ቁጥራቸው በሽያጭ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ደንበኞችን አምጣ ማለት ነው፣ በኤስኪውኤል አነጋገር «ኖት ኢን»። ያስኬደዋል። ዜሮ ረድፍ ይመጣል። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ የኤረር ቁጥር የለም። እንግዲያው ሁሉም ገዝተዋል ተብሎ ሪፖርቱ ይወጣል። ከደንበኞቹ ግማሾቹ ግን ተመዘገቡ እንጂ አንዲት ብሎን እንኳ አልገዙም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሽያጮቹ አንዱ ሲመዘገብ ገዢው ስሙን ሳይሰጥ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ የሄደ መንገደኛ ስለነበር የደንበኛ መለያው ቦታ ሳይሞላ ቀርቷል። ያ ያልተሞላ ቦታ «ነል» ይባላል። ትርጉሙ ዜሮ ሳይሆን «አይታወቅም» ነው። ኩዌሪው ደንበኛ ቁጥር 7ን ሲመረምር «7 ከ3 ይለያል? አዎ። ከ5 ይለያል? አዎ። ከማይታወቀውስ?» እያለ ይሄዳል። ለመጨረሻው ጥያቄ ሐቀኛው መልስ «አላውቅም» ነው፤ ያ ስሙን ያልሰጠው መንገደኛ ራሱ ደንበኛ 7 ሊሆን ይችላልና። ዳታቤዙ ደግሞ የሚያመጣው እርግጠኛ የሆነበትን ረድፍ ብቻ ስለሆነ 7ን ይጥለዋል። 8ንም፣ 9ንም። በመቶ ሺህ ሽያጭ መካከል የገባች አንዲት ነል ዝርዝሩን በሙሉ ታጠፋዋለች።

መድኃኒቱ አጭር ነው። በ«ኖት ኢን» ፈንታ «ኖት ኤግዚስትስ» መጠቀም፣ ወይም ነሎቹን አስቀድሞ ማጣራት። የደንበኛ መለያ ጨርሶ ባዶ መሆን የማይገባው ከሆነም ሰንጠረዡ ሲሠራ «ኖት ነል» ብሎ መዝጋት።

ኤድጋር ኮድ መረጃን በሰንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ ይፋ ያደረገው በ1970 ነው (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው)። እንግሊዝ ተወልዶ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ በአይቢኤም ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሰው ነው። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ አቀረቡ። ኮድ ለነል ሲሟገትለት የቅርብ ባልደረባው የነበረው ክሪስ ዴት አጥብቆ ተቃወመው፤ ከእውነትና ከሐሰት ሌላ ሦስተኛ መልስ ማስገባት የሰውን አእምሮ ያሳስታል ባይ ነው። እኔ በዚህ ነገር ከዴት ጋር ነኝ። ግን ክርክሩን ነል አሸንፎ እየኖርንበት ነው፤ ኦራክል እንዲያውም ባዶ ጽሑፍን ራሱን ነል አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ጠባዩን ማወቅ ግድ ነው። አራት ተማሪዎች ተፈትነው ሦስቱ 80፣ 70 እና 60 ቢያገኙ፣ አራተኛው ቀርቶ ውጤቱ ነል ቢሆን፣ ዳታቤዙ አማካዩ 70 ነው ይላል፤ ነሉን ከቁጥር አያስገባውም። ያንኑ ቦታ በዜሮ ብንሞላው አማካዩ 52.5 ይሆናል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

የሚጮኹት

ብዙ ሰው የሚፈራው ኤረሩን ነው። ኤረር ግን ሥራችንን የሚያቀልልን ነው፤ ቢያንስ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። «ገብረመድኅን» የሚለውን ስም 20 ስፋት ባለው የኦራክል ዓምድ ውስጥ ለማስገባት ይሞክሩ፤ ሰባት ፊደል ሆኖ ሳለ አይገባም ይላል። ኦራክል ካልተነገረው በቀር ስፋትን የሚለካው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ሰባቱ ፊደል 21 ባይት ይሆናል። ኤረሩን አንብቦ ዓምዱን ማስፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌሎቹንም ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ማይኤስኪውኤል 1040 ብሎ ግንኙነት በዛብኝ ካለ (ካልተቀየረ ጣሪያው 151 ነው) አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋ ፕሮግራም ነው፤ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ችግሩን ለነገ ማሳደር ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር 9002 ካለ የትራንዛክሽን ሎጉ ሞልቷል። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በየቢሮው የሚደረገው «ይህ ትልቅ ፋይል ነው ዲስኩን የሞላው» ብሎ ሎጉን ማጥፋት ነው። ሎጉ ቆሻሻ አይደለም፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የተጀመረውንና ያለቀውን ለይቶ ዳታቤዙን ወደ ቦታው የሚመልሰው እሱ ነው። የሚሞላውም በብዛት ዳታቤዙ «ፉል» በሚባለው የሪከቨሪ አሠራር ላይ ሆኖ የሎግ ባክአፕ ሳይወሰድለት ሲቀር ነው። ባክአፑ ሲወሰድ ቦታው ይለቀቃል።

36,000 ብር የሆነው 12,000 ብር

ዝም ካሉት ስህተቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያሳስተው ሰንጠረዦችን የሚያገናኘው ጆይን ነው። አንድ ደንበኛ በአንድ ደረሰኝ ሁለት ዕቃ ገዛ እንበል፤ አንዱ 8,000 ብር፣ ሌላው 4,000 ብር፣ ድምሩ 12,000። በሦስት ጊዜ ከፈለ፤ በየጊዜው 4,000። ዕዳ የለበትም። አሁን የሒሳብ ክፍሉ በአንድ ኩዌሪ የተሸጠውንም የተከፈለውንም ማየት ፈለገ። ደረሰኙን ከዕቃዎቹ ሰንጠረዥ ጋር፣ ከዚያም ከክፍያዎቹ ጋር አገናኘና ደመረ። ውጤቱ፦ የተሸጠ 36,000፣ የተከፈለ 24,000። ደንበኛው የ12,000 ብር ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቢያዩት ነገሩ ይገለጣል። ዳታቤዙ የትኛው ክፍያ ለየትኛው ዕቃ እንደተከፈለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁሉም የአንድ ደረሰኝ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጣምራል። ሁለት ዕቃ በሦስት ክፍያ ስድስት ረድፍ ነው። በስድስቱ ረድፍ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የዕቃው ድምር ሦስት እጥፍ፣ የክፍያው ሁለት እጥፍ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከመጀመሪያው ይብሳል። ኩዌሪ ጸሐፊው ድግግሞሹን አይቶ «ዲስቲንክት» የምትለውን ቃል ድምሩ ውስጥ ይጨምራል፤ የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠር ለማለት። የዕቃው ድምር 8,000 እና 4,000 ተደምሮ 12,000 ይሆናል፤ ትክክል ነው። ደስ ይለዋል። የክፍያው ድምር ግን 4,000 ይሆናል፤ ሦስቱ ክፍያዎች እኩል ስለሆኑ እንደ አንድ ተቆጠሩ። አሁን ደንበኛው የ8,000 ብር ባለዕዳ ነው። ክፍያዎቹ 5,000፣ 4,000 እና 3,000 ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ያው ኩዌሪ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ፣ ተመስግኖ፣ ወደ ሥራ ይገባ ነበር። ከዚያ እኩል የሚከፍል ደንበኛ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ዲስቲንክትን ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ድግግሞሹ ከየት መጣ? መልሱን የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ቃሏን ሳይፈልጋት ይቀራል። እዚህ ላይ ትክክለኛው መንገድ ዕቃዎቹን በደረሰኝ ለብቻ ደምሮ፣ ክፍያዎቹንም ለብቻ ደምሮ፣ አንድ ለአንድ ከሆኑ በኋላ ማገናኘት ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። «ሌፍት ጆይን» ያልገዛውንም ደንበኛ ሳይጥል እንዲያመጣ ይጻፋል፤ ከዚያ ታች ዌር ላይ «የሽያጩ ቀን ከዚህ ወዲህ የሆነ» የሚል ይጨመራል። ያልገዛው ደንበኛ የሽያጭ ቀኑ ነል ነው። ነልን ከቀን ጋር ማወዳደር «አላውቅም» ስለሚሰጥ እንዳይጣል የተባለው ሁሉ ይጣላል። ሁኔታው ከዌር ወጥቶ ወደ ጆይኑ «ኦን» መግባት ነበረበት።

ጥቅምት 29 እና ጳጉሜን

እዚህ ጋ ፈረንጅ ያልጻፈልን ጣጣ አለ። አንዳንድ የአገር ውስጥ ሲስተሞች የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ወስደው ዳታቤዙ «ዴት» በሚለው ዓምድ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. 2017-01-01 ተብሎ ይገባል። ዴት የሚለው ዓይነት ግን የጎርጎርዮስን ካሌንደር እንጂ የእኛን አያውቅም። መስከረም በሙሉ ያለ ችግር ያልፋል። ጥቅምት 28 ያልፋል። ጥቅምት 29 ላይ ሲስተሙ ይቆማል፤ ፌብሩዋሪ 2017 ያለው 28 ቀን ብቻ ነውና። ጳጉሜን ሲደርስ ደግሞ 13ኛ ወር ስለሌለ ጭራሽ አይቀበልም። ከ2015 በፊት በነበሩት የማይኤስኪውኤል ስሪቶች፣ ጥብቁ ሁነታ ካልተከፈተ በቀር፣ ይህም ኤረር አይሆንም ነበር፤ ቀኑ በማስጠንቀቂያ ብቻ ታልፎ ሁሉም አኃዙ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። 5.7 ከወጣ ወዲህ ግን ጥብቁ ሁነታ ሳይጠየቅ ይሠራል።

የተቀበለው ቀን ካልተቀበለው ይብሳል። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 ስንት ቀን ነው? በእኛ ስድስት፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት ሰባት። ዳታቤዙ ግን ከዲሴምበር 30 እስከ ጃንዋሪ 1 ብሎ ስለሚቆጥር ሁለት ይላል። ወለድ በቀን የሚያስብ ተቋም የአራት ቀን ወለድ ሳያየው አለፈ። ዕድሜ ሲሰላም እንዲሁ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዓመቱን ከሰርቨሩ 2025 ላይ ቢቀንሱት 15 ዓመቱ ይሆናል፤ ልጁ ግን ገና ሰባት ዓመት ገደማው ነው። በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ምንጊዜም የጎርጎርዮስ ቀን ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ስክሪን ላይ ሲወጣና ወረቀት ላይ ሲታተም ነው።

ሰዓቱም ያው ነው። ሰርቨሩ የዓለም አቀፉን ሰዓት የሚከተል ከሆነ አዲሱ ቀን የሚጀምርለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍት የሚሆን ቤት የሌሊቱ ሽያጭ በቀዳሚው ቀን ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ገንዘብ ያዡና ሪፖርቱም አይስማሙም።

ስሙ አለ፣ ግን አይገኝም

«????» የሚለውን በስም ቦታ ያላየ የአማርኛ ዳታቤዝ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ጽሑፉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ፎንት መቀየር አይመልሰውም። በኤስኪውኤል ሰርቨር የተለመደው ምክንያት ዓምዱ «ቫርቻር» መሆኑ ነው፤ «ኤንቫርቻር» መሆን ነበረበት። ዓምዱ ትክክል ሆኖም ቢሆን በኩዌሪው ውስጥ ከጥቅሱ በፊት «ኤን» የምትለዋ የላቲን ፊደል ከተረሳች ጽሑፉ ዓምዱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። በማይኤስኪውኤል ደግሞ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ ለዓመታት የኖረው ነገር ሙሉው ዩቲኤፍ-8 አይደለም፤ የሚይዘው እስከ ሦስት ባይት ድረስ ነው። ለአማርኛ ይበቃል። በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት ግን አራት ባይት ስለሆኑ አይገቡበትም፤ እነሱን የሚይዘው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚባለው ነው።

ፊደሉ በደህና ገብቶም ፍለጋው ሊከሽፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እናስብ። የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች። መካከሉ ላይ ክፍት ቦታ ይኖራል ወይም አይኖርም። ሥ ወይስ ስ? ሴ ወይስ ሤ? ሲባዛ 48 አጻጻፍ ነው፤ ለዳታቤዙም 48 የተለያየ ሰው ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ አንድ ታካሚ ሦስት ካርድ የሚወጣለት በዚህ ምክንያት ነው፤ መዝጋቢዋ ፈልጋ ስታጣው አዲስ ትከፍታለች፤ ጥፋት የለባትም። የሰዉን ስም በግድ ወደ አንድ አጻጻፍ መለወጥ ግን ስድብ ነው፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው መጻፍ አለበት። የሚሠራው ዘዴ ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፤ በአንዱ ስሙ እንዳለ፣ በሌላው ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ ተሰብስበው፣ ክፍት ቦታውም ወጥቶ። የሚፈለገው በሁለተኛው፣ የሚታየው በመጀመሪያው።

ስልክ ቁጥርም ቁጥር ስለሚባል ብቻ በቁጥር ዓምድ የሚያስቀምጠው አለ። መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል፤ 0911 የነበረው 911 ይሆናል። ስልክ አይደመርም አይቀነስም፤ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ኩዌሪው ውስጥ ያለ ጥቅስ ምልክት ቢጻፍ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ቁጥር እየለወጠ ያወዳድራል፤ መልሱ ይመጣል፣ ኢንዴክሱ ግን ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ሲያዘግምና ሲቆም

ይህ ወደ ዝግታ ያመጣናል። በሙከራ ጊዜ አንድ ሺህ ረድፍ ላይ የበረረ ኩዌሪ አሥር ሚሊዮን ላይ ሲሳብ «ሰርቨር ይገዛ» የሚል ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት «ኤክስፕሌን» የሚለውን ትእዛዝ ኩዌሪው ፊት ጽፎ ማስኬድ ነው። ዳታቤዙ እንዴት ሊፈልግ እንዳሰበ ይናገራል፤ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ሊያነብ ነው ወይስ በኢንዴክስ ሊሄድ? ኢንዴክስ የሚሠራበት ቢ-ትሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦይንግ ቤተ ሙከራ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ መክሬይት ያወጡት ነው፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በመቶዎች ስለሚከፈል አሥር ሚሊዮን ረድፍ ውስጥ ተፈላጊውን ለማግኘት ሦስት ወይም አራት እርምጃ ይበቃል። ኢንዴክስ ኖሮም ግን ዓምዱን በፈንክሽን ከሸፈኑት አይሠራም። «የቀኑ ዓመት 2024 የሆነ» ከማለት «ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በፊት» ማለት መልሱ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ ሌላ ነው።

ኩዌሪው ቀስ ማለት ትቶ ጭራሽ ከቆመ የሚጠረጠረው ሎክ ነው። አንዱ ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ አፕዴት አድርጎ፣ ኮሚት ሳይል ምሳ ሄዷል፤ ሌላው ያችኑ ረድፍ ይጠብቃል። ዴድሎክ ደግሞ በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ሚኒባሶች ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ሁለቱም አያልፉም። ዳታቤዙ ራሱ ትራፊክ ሆኖ አንዱን ይመልሳል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን እንደገና እንዲሞክር ተደርጎ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ኢንተርኔት ፈላጊ ይጠንቀቅ፤ 1205 የሚለው ኤረር በኤስኪውኤል ሰርቨር የዴድሎክ ሰለባ ሆንክ ማለት ሲሆን በማይኤስኪውኤል ግን ሎክ ስትጠብቅ ጊዜህ አለቀ ማለት ነው፤ ካልተቀየረ 50 ሰከንድ። የማይኤስኪውኤል ዴድሎክ 1213 ነው።

ማንም ያላነበበው ኢሜይል

ዌር የሌለው አፕዴት የሁሉንም ደንበኛ ስልክ አንድ ያደርጋል። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች 1175 ብሎ የሚከለክለው ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው ግን ኤረሩ ሰለቸኝ ብሎ መከላከያውን ያጠፋዋል። መጀመሪያ በሰሌክት ስንት ረድፍ እንደሚነካ ማየት፣ ከዚያ ትራንዛክሽን ከፍቶ መለወጥ፣ ቁጥሩ ከተስማማ ኮሚት፣ ካልተስማማ ሮልባክ።

ይህ የማያድንበት ጊዜም አለ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲስ መናበቡ የተቋረጠበትን የፖስትግሬስ ቅጂ ሰርቨር እንደገና ለማስነሳት የዳታውን ማኅደር ሊያጠፋ ትእዛዝ ሰጠ። የገባበት ሰርቨር ግን ዋናው ነበር። በሰከንድ ወይም በሁለት ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ነበር። ወደ ባክአፕ ተሮጠ። ባክአፑ መቀመጥ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ባክአፕ የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 ስሪት ሲሆን ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር በየጊዜው ሲነሳ ይወድቅ ነበር። ሲወድቅ ደግሞ ዝም አላለም፤ ኢሜይል ይልክ ነበር። ኢሜይሉ ግን ማረጋገጫ ስለሌለው ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሰው ነበርና ማንም አላየውም። ያዳናቸው ያ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ሲል ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ነው፤ የእነዚያ ሰዓታት መረጃ ጠፋ። ድርጅቱ የማስመለሱን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳይቶ ስህተቱን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ይህን ሁሉ ያወቅነውም በዚያ ነው።

ስለዚህ ባክአፕን «ተሳክቷል» በሚል መልእክት ማመን አይቻልም፤ የውድቀት መልእክት አለመምጣቱም ምንም አይናገርም። የሚያዋጣው በወር አንድ ቀን የቅርቡን ባክአፕ ወስዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ነው፤ ለዚህ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል። ሲነሳ ሁለት ኩዌሪ ይሂድበት፤ የሽያጭ ሰንጠረዡ ስንት ረድፍ አለው፣ የመጨረሻው ሽያጭ የተመዘገበውስ መቼ ነው? ቀኑ የትናንት ከሆነ ደህና። የሦስት ሳምንት ከሆነ ባክአፑ የቆመው ያኔ ነውና ሎጉን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንበብ ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል፣ ወይም አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ስክሪፕቱ ውስጥ ማስተካከሉን ረስቶት ይሆናል።